የባክሆው መሪ ይዘገያል

ጋሽ ውሃ ልክ ነገሩን መጀመሪያ የተናገሩት ሰኞ ጠዋት ነው። ከባክሆው ወርደው፣ ጓንታቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ወደ ጋራዡ ገቡና ለመካኒኩ መሪው ይዘገያል አሉት። ወደ ግራ ሲያዞሩት ጎማው ወዲያው አይታዘዝም፤ ጥቂት ቆይቶ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ድንገት ዘወር ይላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ብዙ መናገር አይወዱም።

መካኒኩ የአንዲት ሴት ልጃቸው ባል ነው። ሁለቱም የሚሠሩት የውሃ መስመር በሚዘረጋና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነበር። እሱ ጋራዡን ይመራል፤ እሳቸው ከፊቱ አፈር መዛቂያ፣ ከኋላው መቆፈሪያ ክንድ ባለው በዚያ ቢጫ ማሽን፣ በባክሆው፣ ቦይ ይቆፍራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆፍረዋል። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው፤ ቧንቧ ቀባሪዎቹ፣ እሳቸው የቆፈሩት ቦይ ወለል ላይ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥ ጠብ አይልም እያሉ ይቀልዱ ነበር። እውነተኛ ስማቸውን ከሠራተኞች መዝገብ በቀር የሚያነሳው አልነበረም።

መካኒኩ ግን ያን ሰኞ የመሪውን ነገር በቅጡ አልሰማም። ጆሮው ውስጥ የነበረው የሚስቱ ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት አባቷ ቤታቸው መጥተው ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ተንቀጫቀጨ። ሽማግሌው ቶሎ ብለው ሌላውን እጃቸውን ደረቡበትና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ሚስቱ ግን አይታለች። እሳቸውን ሸኝታ እንደተመለሰች ማድቤት ገብታ፣ ባሏ ሲከተላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የተናገረችው።

«አባዬን ከዚያ ማሽን ላይ አውርድልኝ። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ አንተ እንደምንም ብለህ አውርደው። ራሱን ወይ የሰው ልጅ ሳይገድል።»

እሺ አላት። እንዴት እንደሚያደርገው ሳያውቅ ነው እሺ ያላት። ስለዚህ አማቱ መሪው ይዘገያል ሲሉት፣ የዘገየው መሪው ሳይሆን የእሳቸው እጅ መስሎ ተሰማው። እንዲያውም፣ ኋላ ላይ ለራሱ እንዳመነው፣ ልቡን ቅልል ብሎት ነበር። የሚፈልገው ነገር በራሱ እግር መጣለት።

ማሽኑን አላየውም አይባልም፤ አይቶታል። ከሰዓት በኋላ ብቻውን ሆኖ የፊቱን በክሪክ አነሳና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያዝ አድርጎ ነቀነቃቸው። የግራው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። በዚህ ዕድሜ ላለ ማሽን ይህን ያህል መላላት ያለ ነው ብሎ አለፈው። የመሪውን ዘይት ለካ፤ ሙሉ ነው። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ተመለከተ። በዘንጉ ጫፍ ላይ አንዲት የብረት ኳስ በጎድጓዳዋ ውስጥ የምትዞርባት መጋጠሚያ አለች፤ ግሪስ ጥግብ ብላ፣ ዙሪያዋን ወዝቶ ይታያል። በየሳምንቱ ግሪስ መጠጣቷን የሚያረጋግጠው ፊርማ ደግሞ የራሱ ነው። እዚያ ላይ ተወው።

ከዚያ የፍተሻውን ወረቀት ሞላ። «የመሪ ክፍሎች በሙሉ ደህና ናቸው» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን አንስቶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ችግሩ ከኦፕሬተሩ የእጅ ሁኔታ ሊሆን ስለሚችል ቢታሰብበት።»

ሽማግሌው ረቡዕም መጡ፣ ሐሙስም መጡ። ሐሙስ ዕለት እንደ ወትሯቸው ተናግረው አልሄዱም፤ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንዲህ እናድርግ። እኔ ወንበሩ ላይ ልቀመጥና መሪውን ወዲያ ወዲህ ላድርገው፤ አንተ ከስር ገብተህ በእጅህ ዳስሰው። ጎማው መሬት ላይ እያለ። ተንጠልጥሎ ሳይሆን።»

መካኒኩ ሦስት መኪና ተደርድሮ ይጠብቀኛል፣ ነገ እናየዋለን አላቸው። ፊታቸውን ላለማየት ቁልፍ የሚፈልግ መስሎ ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ። እሳቸውም ጥቂት ቆመው ሄዱ።

ያ ነገ አልመጣም። ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አንብቦ ጋሽ ውሃ ልክን ቢሮው አስጠራቸው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ዕድሜ የማይጥለው ሰው የለም፣ ብዙ ለፍተዋል፣ ከእንግዲህ መጋዘን ቁጭ ብለው ዕቃ ሲገባ ሲወጣ ይቆጣጠሩ አላቸው። ወረቀቱን አላሳያቸውም፤ ጋራዡ የጻፈው ነው ብቻ አለ። ሽማግሌው የማሽኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። በግቢው በኩል ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ መካኒኩ ከመኪና ስር ተኝቶ ጫማቸውን አየ። ጫማቸው ጋራዡ በር ላይ አልቆመም።

ሚስቱ ወሬውን ስትሰማ እፎይ አለች፤ ባሏን አንገቱን አቅፋ አመሰገነችው። እሑድ ግን አባቷ ለምሳ አልመጡም። ስትደውልላቸው ደክሞኛል አሏት። በሚቀጥለው እሑድም ደከማቸው። ደጋግማ ስትጠይቃቸው ደህና መሆናቸውን ብቻ እየነገሩ ስልኩን ይዘጉባት ጀመር፤ ይህን ከዚህ በፊት አድርገውባት አያውቁም።

መጋዘን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መካኒኩ ማጣሪያ ወይም ጎማ ፈልጎ ሲገባ አማቱ ከወንበራቸው ብድግ ይሉና «ምን ልስጥዎት?» ይሉታል። አንቱ አሉት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንተ፣ ልጄ ሲሉት የኖሩ ሰው፣ እንደ እንግዳ ሰው አንቱ አሉት፤ ያውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ። ሲሰድቡት ቢውሉ ይሻለው ነበር። ዕቃውን ተቀብሎ ይወጣል፤ ይህን ለሚስቱ አልነገራትም።

ባክሆው ላይ አዲስ ኦፕሬተር ተመደበች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከሌላ ድርጅት ተዛውራ የመጣች፣ ሥራዋን የምትችል። አዲስ ስለሆነች ግን ብዙ መናገርን አትወድም፤ ሴት ናትና ማሽኑ ከበዳት እንዳይሏት ትጠነቀቃለች። አሥር ቀን ያህል ሠራች። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ከተማው ዳገት ላይ አንድ ትልቅ ቧንቧ ፈነዳና ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ተቋረጠበት። እሷም ወደዚያ እንድትሄድ ታዘዘች። ከመውጣቷ በፊት የዕለት ወረቀቷን ልትሰጥ ጋራዡ ገባች። መካኒኩ የፒካፕ ሞተር ላይ ተደፍቶ ነበር። ቀና ሳይል ማሽኑ እንዴት ነው አላት።

ደህና ነው አለችው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ዞር ካለች በኋላ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ አንድ ነገር ጨመረች።

«እጄ ገና አልለመደውም መሰለኝ፣ መሪውን ሳዞረው ቶሎ አይሰማኝም። እለምደዋለሁ።»

ሄደች። መካኒኩ ሥራውን ቀጠለ። አንድ ብሎን አጠበቀ፣ ሁለተኛውን ጀመረ። ከዚያ እጁ ቆመ። የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል እንበል። የእሷስ? ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ጤነኛ ናት። ሁለት የማይተዋወቁ እጆች አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ ሁለቱንም ጥፋቱ የእናንተ ነው ያላቸው እሱ ነው። አንዱን በወረቀት፣ አንዷን በዝምታ።

ወደ ውጭ ሮጠ። ባክሆው ከግቢው ወጥቷል። ስልኳ ላይ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በዚያ ሞተር ጩኸት ውስጥ ስልክ እንደማይሰማ ያውቃል፤ ቢሆንም ደጋግሞ ደወለ። ወደ ዳገቱ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ፣ ከታች በትምህርት ቤቱ አጥር ስር ታጥፎ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ያ እጥፋት ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። የዘበኛውን ሞተር ብስክሌት፣ ቁልፉ እዚያው ላይ ነበር፣ አስፈቅዶም እንደሆነ ሳያስታውስ አስነስቶ ወጣ።

መንገዱ ላይ ያሰበው ስለ እሷ ብቻ አልነበረም። የግሪሱን ነገር እያሰበ ነበር። ዙሪያዋን ግሪስ ወዝቶ ያያት መጋጠሚያ፣ ግሪሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞልቶ ነው የወዛው፣ ወይስ ጭራሽ አልገባም? ከውጭ ሆኖ አይለይም። እሱ ደግሞ ከውጭ ነው ያያት።

ባክሆውን ያገኘው ቁልቁለቱ ሊጀምር ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረው ነው። አልፎት ሄዶ መንገዱ መሃል ሞተሩን አቆመና ሁለት እጁን አነሳ። ኦፕሬተሯ ፍሬኑን ረግጣ ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ ሳይሆን ንዴት ነው፤ ሰው እያየ ምን ሆነህ ነው ዓይነት። ምንም አላብራራላትም። ሞተሩን ሳታጠፊ፣ ከወንበርሽ ሳትነሺ፣ መሪውን ቀስ እያደረግሽ ወዲያና ወዲህ በይው አላት። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ። እሱ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከፊቱ ዘንግ ስር ገባ፤ እጁን የግራዋ መጋጠሚያ ላይ ጭብጥ አድርጎ አሳረፈ።

መጀመሪያ መሪው ዞረ። ከዚያ፣ ከእጁ ስር፣ አንድ ነገር ቋ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጎማው የተንቀሳቀሰው። ወደ ሌላው ሲዞር እንደገና፣ ቋ። መጋጠሚያዋ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ትወዛወዛለች። ሞተሩን አጥፊው አለና ከሞተር ብስክሌቱ የዕቃ ቦርሳ አጭር ብረት አውጥቶ ከስሯ አስገብቶ ወደ ላይ ገፋ። ብዙ ኃይል አልፈለገም። ኳሷ ከጎድጓዳዋ ብቅ ብላ ወጣች፤ ተበልታ ተበልታ አልቃ፣ ዝጋ፣ ደርቃ። ከውስጥ አንዲት ጠብታ ግሪስ አልነበረም። ግሪስ የሚገባባት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና ጭቃውም እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል፤ በየሳምንቱ የተጨመረው ሁሉ በጎን እየወጣ ላይ ላዩን ሲቀባት ኖሯል። በየሳምንቱም እሱ ፈርሟል።

ኦፕሬተሯ ወርዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ኳሷን አየችና ቁልቁለቱን አየች። ታች ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ ነበር፤ የልጆች ጫጫታ እስከዚያ ይሰማል።

«እዚያ ታች ብትወልቅስ?» አለችው።

«ግራው ጎማ በፈለገበት ይሄድ ነበር። መሪ አይዘውም።»

እሷ ሄዳ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አውጥታ ልጆቿ የሚማሩበት ቦታ ደወለች። ምንም ቁም ነገር አላወራችም፤ በልተዋል ወይ ብላ ጠየቀች።

ሥራ አስኪያጁ ሲደወልለት ተቆጣ። ሰፈሩ ውሃ የለውም፣ ሰው ቢሮው በር ላይ ጀሪካን ደርድሮ ይጮህበታል፤ በእጅ አያይዘህ፣ ቀስ ብለህ ቢያንስ እስከ ቦታው አድርሰው አለ። መካኒኩ እምቢ አለ። ሥራ አስኪያጁ ደህና ነው ብለህ የፈረምከው አንተ አይደለህም ወይ አለው። እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነው ላቆመው የምችለው፣ አለና ስልኩን ዘጋ። አዲስ መጋጠሚያ ተገኝቶ እስኪገጠም ሁለት ቀን ፈጀ። ቦዩን ሰው በአካፋና በዶማ ቆፈረው። ሰፈሩ ሁለት ቀን ውሃ ሳያገኝ ሰነበተ፤ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ ቆሞ የነበረውን ባክሆ በምርኩዛቸው መታ መታ እያደረጉ ረገሙት። መካኒኩ ከስር ተኝቶ እየሠራ እርግማኑን ሰማ። ምክንያቱን ሊነግራቸው አልሞከረም።

በሦስተኛው ቀን ወደ አማቱ ቤት ሄደ። ለሚስቱ ሁሉንም ነግሯት ነበርና ቀሚሷን ቀይራ ተከተለችው። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ይሰሙ ነበር። ልጃቸውን ሳሙ፤ ለእሱ ወንበር ቀረብ አደረጉለት፤ ይቀመጡ አሉት።

አልተቀመጠም። መጋጠሚያዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበርና ፈትቶ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላቸው። ጋሽ ውሃ ልክ መነጽራቸውን አድርገው አነሷት። በአውራ ጣታቸው ጎድጓዳውን ዳሰሱት። ራዲዮውን ዘጉ።

«የግራዋ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«የትኛው መንገድ ላይ?»

ነገራቸው። የትምህርት ቤቱን እጥፋት ሲጠራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ተጎድቷል ወይ ብለው ጠየቁ፤ የለም አላቸው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው አሉት። ሥራ አስኪያጁ አላነበበላቸውም ነበር። መካኒኩ ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ እንዳለ ነገራቸው። ስለ ኦፕሬተሩ እጅ የምትለውንም አልዘለላትም።

«ያችን የኋለኛዋን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

ሚስቱ ናት ማለት ይችል ነበር። አላለም። እሷ ግን በሩን ተደግፋ ቆማ ነበርና እዚያው ሆና ተናገረች።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። አውርደው ያልኩት እኔ ነኝ። እጅህን አይቼ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው አላዩም። ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወደ ፊት ዘረጉት። ጣቶቹ ይርበተበቱ ነበር፤ ሊያቆሙት ሞከሩ፣ አልቆመም። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ዘርግተው ለሁለቱም አሳዩዋቸው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። አውቃለሁ። መሪውም ይዘገይ ነበር። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ስለ እጄ ልትነግሪኝ ከፈለግሽ እዚህ፣ ቤቴ መጥተሽ ንገሪኝ። አንተ ደግሞ ስለ መሪው ስነግርህ መሪውን እይ። እኔን በመሪው አሳበህ ስታወርደኝ፣ ያች ልጅ እኔ የፈራሁት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናት ናት አሉኝ።»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት እጃቸውን አውለብልበው አስቆሙት። አሁን አይሆንልኝም፣ ሌላ ጊዜ ይሁን አሉት። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ባልና ሚስት ያን ቀን ሻይ ሳይጠጡ ወጡ።

በማግስቱ መካኒኩ አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ የመጀመሪያው ሐሰት እንደነበረ፣ ማሽኑን በአግባቡ እንዳልፈተሸው፣ ግሪሱን ሳያይ እንደፈረመ፣ ኦፕሬተሩ ሦስት ጊዜ እንዳስጠነቀቁ። ሥራ አስኪያጁ አነበበና ይህን ፋይል ውስጥ ባናስገባው ምን ይመስልሃል አለው፤ ለአንተም አይጠቅምህም። መካኒኩ ይግባ አለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠውና የጋራዡን ኃላፊነት ለስድስት ወር ለሌላ ሰው አስረከበ። በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ያሉት ማሽኖችና መኪናዎች በሙሉ ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ ወንበር ላይ አንዱ ከስር፣ ጎማቸው መሬት ላይ እንዳለ ተፈተሹ። የአንድ ገልባጭ መኪና መጋጠሚያ ልትወጣ ደርሳ ተገኘች። አዲሷ ኦፕሬተር ከዚያ ወዲህ ሰው ከስር ገብቶ ካልዳሰሰላት ከግቢ አትወጣም፤ የሚስቁባት ነበሩ፣ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ውሃ ልክን ወደ ማሽናቸው እንዲመለሱ በይፋ ጠየቃቸው። እሳቸው መልስ ሳይሰጡ አንድ ቀን ፈቃድ ወስደው ብቻቸውን ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ የነርቭ ነው አላቸው፤ መድኃኒት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፣ ከባድ ማሽን መንዳት ይቅርብዎት። ወረቀቱን አምጥተው ለሥራ አስኪያጁ ሰጡና ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ። ለልጃቸው ነገሩን ራሳቸው ደውለው ነገሯት። ስልኩን ይዛ ስታለቅስ አላቋረጧትም፤ እስክትጨርስ ጠበቋት።

ለምሳ የመጡት ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። ብዙ በሉ፣ ስለ ጎረቤታቸው አዲስ አጥር አወሩ፣ አጥሩ ተንጋዷል እያሉ ሳቁ። ሲመሽባቸው መካኒኩ እስከ ታክሲ መሳፈሪያው ሸኛቸው። ሰልፍ ነበር። ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። መካኒኩ ያቺን ሌላ ጊዜ የተባለችውን ይቅርታ አሁን ልጠይቅ፣ አልጠይቅ እያለ ሲያመነታ ታክሲው መጣና በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ለመሳፈር መያዣውን ሲፈልጉ እጃቸው ሳተው፤ ሁለተኛም ሳተው። መካኒኩ ክንዳቸውን ደገፈ። አላስለቀቁትም። ገብተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡና በመስታወቱ በኩል ወደ ቤት ግባ፣ ብርድ ነው የሚል ምልክት አሳዩት። ታክሲው ሄደ። እሱ ግን ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆሞ ቀረ።